ቅኔውን ከነቅኔ ቤቱ
ስለ ቀደምት ኮምፒዩተሮችና ስለ መጀመሪያዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች አጠባበቅ

የአንድ ሕዝብ ጽሑፍ ከተጻፈበት መሣሪያ ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ ሲፍቅ፣ ቀለም በጥባጩ ጥላሸቱን ሲያዋሕድ፣ ቁም ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ ፊደሉን ሲጥል የተገኘው መጽሐፍ የሁሉንም እጅ ይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ከዚያ በኋላ የመጡት የማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል፣ የጽሕፈት መኪናና ኮምፒዩተርም እያንዳንዳቸው በአማርኛ ጽሑፍ መልክ ላይ የራሳቸውን አሻራ አኑረዋል። ይሁን እንጂ ስለ ብራናው ብዙ ሲጻፍ፣ ስለ እርሳስ ፊደሉም ጥቂት ሲነገር፣ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ስላስገቡት ቀደምት ፕሮግራሞችና ፕሮግራሞቹ ይሠሩባቸው ስለ ነበሩት አሮጌ መኪኖች ዕጣ የሚያነሣ ሐያሲ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ዝምታ ሁለት ምክንያቶች ያሉት ይመስላል። አንደኛው፣ ኮምፒዩተር የቢሮ ዕቃ እንጂ የኪነ ጥበብ መሣሪያ ሆኖ አለመታየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ ገና የትናንት በመሆኑ ቅርስ የሚለውን ስም ለመስጠት ዐይን አለመሙላቱ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ዐይን እስኪሞላ መጠበቅ አደገኛ ነው። ብራና 500 ዓመት ይታገሣል፤ ማግኔት የተቀባ ዲስክ 50 ዓመት መታገሡ ያጠራጥራል። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬ መነሣት አለበት፤ ሊጠበቅ የሚገባው ጽሑፉ ብቻ ነው ወይስ ጽሑፉን የወለደው መሣሪያም ጭምር?

ዐይን፣ መነጽርና መኪና

የጎጃም ደጋ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቸ አገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወደ መርጡለ ማርያም የሚዘልቅ ሰው በየዕቃ ቤቱ የሚያገኘው የብራና መጽሐፍ ለመነበብ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የቀን ብርሃንና ፊደል የቆጠረ ዐይን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ፊልም ላይ አሳርፏል። ፊልሙን ለማንበብ ከዐይን ሌላ መነጽር ያስፈልጋል። ሆኖም ከየትም የተገኘ አጉሊ መነጽርና መብራት ይበቃዋልና ችግሩ የከፋ አይደለም።

በዲስክ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ግን ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው። ዲስኩን ፀሐይ ላይ ቢዘረጉት፣ በመነጽርም ቢመረምሩት አንዲት ሆሄ አትታይበትም። ዲስኩን የሚያነብ መኪና፣ መኪናውን የሚያዝዝ ሥርዓት፣ ጽሑፉን የጻፈው ፕሮግራም፣ ፊደሉን የሚሥለው የፊደል ቅርጽ አራቱም በአንድነት መገኘት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሦስቱ አንደበት ያጣሉ። ቀደም ባለው ዘመን መጽሐፍ የሚጠፋው ሲቃጠል ወይም ብል ሲበላው ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን መጽሐፉ አንዳች ሳይነካው፣ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሊጠፋ ይችላል።

ይህ አደጋ የደሃ አገር ብቻ አለመሆኑን የእንግሊዞች ታሪክ ያስረዳል። ንጉሥ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1086 ያስጻፈው የርስትና የግብር መዝገብ፣ ዱምስዴይ የሚባለው፣ 900 ዓመት በሞላው ጊዜ ቢቢሲ አዲስ የሀገር መዝገብ በኮምፒዩተር አዘጋጀ። በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ስለ መንደራቸው ጻፉ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በሌዘር በሚነበቡ ሁለት ትላልቅ ዲስኮች ታተመ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዲስኮቹን የሚያነቡት መኪኖች ከየትምህርት ቤቱ ጠፉ። የ900 ዓመቱ ብራና በቤተ መዛግብቱ ሲነበብ የ16 ዓመቱ ዲስክ ዱዳ ሊሆን ተቃረበ። እ.ኤ.አ. በ2002 የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የአሮጌውን ኮምፒዩተር ጠባይ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሠርተው መዝገቡን ከሞት መለሱት። ልጆች የጻፉት የመንደር ታሪክ የተረፈው መኪናውን ራሱን በአምሳያው በማስነሣት ነው።

ጠባቡ ቤትና ሰፊው ፊደል

በኢትዮጵያ የሆነው ምን ነበር? በአውሮፓና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮምፒዩተር በየቤቱ ገብቷል። ሲንክሌር ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 የተባሉት፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ የወጡት ትንንሽ መኪኖች ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዙ ለልጆች መጫወቻና መማሪያ ሆኑ። ፕሮግራሞቻቸው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ በተራ የቴፕ ካሴት ነበር። በደብረ ማርቆስ የአዝማሪ ዘፈን የሚሰማበት ዓይነት ካሴት በለንደን ቤቶች ውስጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሸክሞ ይጮኽ ነበር ማለት ነው። በኢትዮጵያ ግን ኮምፒዩተር በቤተሰብ በር አልገባም። የገባው በመሥሪያ ቤት በር ነው፤ ሲገባም የመጀመሪያው ጥያቄ «አማርኛ ይጽፋል ወይ?» የሚል ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፍ የጨዋታ ታሪክ ሳይሆን የፊደል ታሪክ ነው።

ፊደሉን ከመኪና ጋር የማስታረቁ ሥራ ከኮምፒዩተር በፊት የጀመረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በደከሙበት ዘመን የገጠማቸው ችግር የታወቀ ነው፤ የመኪናው ቁልፎች ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። መፍትሔውም ፊደሉን ከነቅጥያው ለያይቶ፣ አካሉን በአንድ ቁልፍ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ መምታት ሆነ። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተሠራጨው የኦሊቬቲ መኪና የጸሐፊዎችን ጣትና ዐይን በዚህ መንገድ አሠለጠነ። አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመምታት የመጻፍ ልማድ መኪናው ከየጠረጴዛው ከተነሣ በኋላም በብዙ ጸሐፊዎች እጅ ላይ ቀርቷል። መሣሪያ ሲሞት ጠባዩን ለወራሹ ትቶ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። የዚያ ዘመን መኪና ለአንድ የፊደል ስብስብ የሚሰጠው መቀመጫ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹን የላቲን ፊደላትና የመኪናው ምልክቶች አስቀድመው ይዘውታል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋሉ። ባለሙያው ያለው ምርጫ ሁለት ነበር። ወይ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ስብስብ ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ ወይ እንደ ጽሕፈት መኪናው ከአካልና ከቅጥያ መገጣጠም። ሁለቱም መንገዶች ተሞክረዋል፤ ሁለቱም በፊደሉ መልክ ላይ ምልክታቸውን ትተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ድርጅታቸው፣ ዶክተር አበራ ሞላም ሞዴት በተባለው ፕሮግራማቸው በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። በሀገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የከስተር ኩባንያ ቪዥዋል ግዕዝ እና የኮንሴፕትስ ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝ በየቢሮው ተሠራጩ። በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደሉን በላቲን ፊደላት ወክሎ በኮምፒዩተር መረብ ለመላላክ የሚያስችለውን ሴራ የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት አቀረቡ። የአጋፋሪ ስያሜ ራሱ በሐያሲ ዐይን የሚታይ ነው። አጋፋሪ በግብር ቤት በር ላይ ቆሞ እንግዳውን እየተቀበለ በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ሹም ነበር፤ ፕሮግራሙም ብዙውን ፊደል በጥቂቱ መቀመጫ ማስተናገድ ነበረበት። የፊደል ቅርጾቹ አዲስ ዘመን፣ ረጅም፣ ዜና የሚሉ፣ የጋዜጣ ገጽን የሚያስታውሱ ስሞች ነበሯቸው።

የእነዚህን ሥራዎች ኪነ ጥበባዊ ዋጋ ለመመዘን ባለሙያው የነበረበትን ጥበት ማስታወስ ያስፈልጋል። በተለመደው የጽሑፍ መስኮት አንድ ፊደል የሚያርፍበት ክፈፍ 8 ነጥብ በ16 ነጥብ ነበር። ‹በ›ን በዚህ ክፈፍ መሣል ቀላል ነው። ‹ጬ›ን ለመሣል ግን ሦስቱ እግሮች ሦስት ነጥብ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ነጥብ ይወስድና ለኃምሱ ቀለበት ሦስት ነጥብ ብቻ ይተርፋል፤ ከሚቀጥለው ፊደል የሚለየው ባዶ ቦታም ከዚያው ላይ መቀነስ አለበት። ቁም ጸሐፊ በብራና ጠርዝ ላይ ቦታ ሲያጥረው ፊደሉን አጥብቦ መሥመሩን እንደሚያድን ሁሉ፣ የዚህ ዘመን ባለሙያም እያንዳንዷን ነጥብ እየቆጠረ የት እንደሚያጎድልና የት እንደሚሞላ መወሰን ነበረበት። በእንዲህ ዓይነት ክፈፍ ውስጥ የሚነበብ ‹ጬ› መሥራት ሙያ ነው። የቅርጽ ጥናት የሚያስተምር መምህር ለተማሪዎቹ ሊያሳየው የሚገባ ሙያ ነው።

የቁልፍ ገበታውም እንዲሁ የራሱ ሐሳብ አለው። ልጅ በየኔታ እግር ሥር «ሀ ሁ ሂ» እያለ ሲማር እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ሙሉ አካል ያውቀዋል። በድምፅ ላይ በተመሠረተው የቁልፍ ገበታ ግን ‹ላ› የሚገኘው የ‹ል›ን ድምፅ በሚሰጥ የላቲን ቁልፍ ላይ የ‹አ›ን ድምፅ በሚሰጥ ቁልፍ በመጨመር ነው። ጸሐፊው ሳያውቀው ስለ ፊደሉ ያለው ግንዛቤ ተለውጧል፤ አካሉ ተነባቢና አናባቢ ሆኖ ተለያይቷል። ይህ ለውጥ ይበጅ ወይም አይበጅ ለክርክር ክፍት ነው። ክርክሩን ለማካሄድ ግን ቀደምቶቹን ገበታዎች ከነአሠራራቸው ማየት ያስፈልጋል፤ የጠፋ መሣሪያ አይተችምና።

በየመሳቢያው ያለው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መደብ በ3ኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 መቀመጫ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ ከተባለው የፊደል ቅርጽና ከአማርኛ የቁልፍ ገበታ ጋር ወጣ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ፊደሉ ከተከራየበት ጠባብ ክፍል ወጥቶ የራሱን ቤት አገኘ። ነገር ግን ከዚያ በፊት በኪራይ ቤቱ ሳለ የተጻፈው ሁሉ እዚያው ቀረ። ፊደሉ የላቲንን መቀመጫ ተውሶ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ የድሮው ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና የልዩ ልዩ ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ሁሉም ፕሮግራሞች መቀመጫውን የደለደሉት በየራሳቸው መንገድ በመሆኑ የአንዱ ቅርጽ የሌላውን ጽሑፍ አያነብም። በ1987 ዓ.ም. መታተም ከጀመረው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ቀደምት ፋይሎች ብዙዎቹ በመስኮት ላይ አማርኛ ሆነው ይታያሉ፤ አንድ አንቀጽ ቀድቶ ሌላ ገጽ ላይ ለማሳረፍ የሞከረ መምህር ግን የሚያገኘው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። የሀገሪቱ ሕግ እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

የሕጉስ የታተመ ወረቀት አለው። ወረቀቱ የጠፋበት ጽሑፍ ዕጣ ግን የከፋ ነው። በደብረ ማርቆስ፣ እንደ ሌሎቹ የሀገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ በፍርድ ቤትና በመስተዳድር ጽሕፈት ቤቶች አካባቢ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች ለዓመታት የኅብረተሰቡ ብዕር ሆነው ኖረዋል። ባላገሩ ማመልከቻውን ያስጻፈው፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ የተረቀቀው፣ የሰርግ ጥሪ የተተየበው፣ መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ያዘጋጀው፣ ጀማሪው ደራሲ የግጥሙን መድብል ወይም የቴአትሩን ድርሰት በደብተር ይዞ መጥቶ ያስከተበው በእነዚህ ቤቶች ነው። ብዙው ጽሑፍ ታትሞ አልወጣም፤ ከአንድ ፍሎፒ ዲስክ ሌላ ቅጂ የሌለው ሥራ አለ። ዲስኮቹም የት እንደሚገኙ መገመት አያዳግትም፤ በየመሳቢያው፣ ከተበላሸ ማተሚያ ጀርባ፣ በካርቶን ውስጥ። የደጋው ረጅም ክረምት እርጥበትና የበጋው አቧራ እየተፈራረቁ ይጎበኟቸዋል።

በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ እስከ 2000ዎቹ ያለው ጊዜ ለወደፊቱ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊ ጨለማ ሊሆን ይችላል። በብራና የተጻፈው ይነበባል፤ በእርሳስ ፊደል የታተመው ይነበባል፤ በዩኒኮድ የተጻፈውም ይነበባል። በመካከል ያለው የሃያ ዓመት ዘመን፣ ያውም የክፍለ ሀገሩ ደራሲ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሳይወርድ ሥራውን በንጹሕ ገጽ ማየት የጀመረበት ዘመን፣ እንደ ተዘለለ ገጽ ይቀራል።

መለወጥና መምሰል

ለዚህ ችግር እስካሁን በብዛት የሚቀርበው መፍትሔ መለወጥ ነው፤ የድሮውን ፋይል በመለወጫ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ዩኒኮድ ማሸጋገር። መለወጥ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ለቢሮ ደብዳቤና ለስም ዝርዝር ይበቃል። ለኪነ ጥበብ ሥራ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ የመለወጫው ሠንጠረዥ አንዲት መቀመጫ ከሳተ በመላው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ‹ሏ› ወይም ‹ጓ› ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል፤ ስሕተቱን የሚያርም ሰው ደግሞ የሚያመሳክርበት ዋና ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የገጹ መልክ ነው፤ የፊደሉ ወርድ ሲለወጥ የግጥሙ ስንኝ ይሰበራል፤ ባለ ሁለት ዓምዱ ገጽ ይዛነፋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጽሑፉ ሲሸጋገር የተጻፈበት ጥበብ ተጥሎ መቅረቱ ነው።

የጎጃም የቅኔ ትምህርት ለዚህ ሦስተኛው ጉድለት ትክክለኛውን ምሳሌ ይሰጣል። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ አይደገምም፤ ነገ ለሌላ በዓል ሌላ ቅኔ ይዘረፋል። በጥሩ ጆሮ ተይዞ የቀረው ጥቂቱ ነው። ታዲያ ቅኔ ሳይጠፋ የኖረው በምንድን ነው? ቅኔ ቤቱ ስለ ኖረ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ለደቀ መዝሙር ያወረሱት የተባሉ ቅኔዎችን ስብስብ ብቻ አልነበረም። ከግስና ከአገባብ ጀምሮ በነገራ፣ በቆጠራና በዘረፋ በኩል፣ ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ቅኔ የሚፈጠርበትን መንገድ አወረሱ። የዋሸራን መንገድ ያወቀ ሰው የዋሸራን ቅኔ ከጎንጅ ቅኔ ለይቶ ይፈታል። ቅኔውን ብቻ ጽፎ ቅኔ ቤቱን የዘጋ ትውልድ ከጥቂት ዘመን በኋላ ሰሙን እንጂ ወርቁን አያገኝም። ፋይሉን ለውጦ ፕሮግራሙን የጣለም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ መምሰል ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ኢሙሌተር የሚሉት ፕሮግራም የአሮጌውን መኪና ጠባይ በአዲሱ ላይ አንድ በአንድ ይፈጽማል። አሮጌው መኪና «ደምር» ሲባል ያደርግ የነበረውን፣ «ይህን ነጥብ በመስኮቱ ላይ አብራ» ሲባል ያሳይ የነበረውን፣ ቁልፍ ሲመታ ይሰጥ የነበረውን መልስ ሁሉ አምሳያው ይሰጣል። የድሮው ፕሮግራም በአዲስ መኪና ላይ እንዳለ አያውቅም፤ የኖረበት ቤት ውስጥ ያለ መስሎት ይሠራል። በአማርኛ «አስመሳይ» የሚለው ቃል የነቀፌታ ቃል ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይስማማም። በዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ድምፅ ሲከተል ማንም አስመሳይ አይለውም፤ መምህሩን መሰለ ይባላል፤ ይህም ምስጋና ነው። ስለዚህ አምሳያ የሚለው ስም ይበልጥ ተገቢ ነው።

አምሳያዎች በውጭው ዓለም የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ማሜ የተባለው ሥራ በየመጫወቻ ቤቱ ይቆሙ የነበሩትን የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ መኪኖች በአምሳያ ለመጠበቅ የተነሣ ነው። የሥራው አዘጋጆች ዋና ዓላማ የመኪኖቹን አሠራር መዝግቦ ማቆየት ነው፤ ጨዋታው መሥራቱ መዝገቡ ትክክል መሆኑን ማረጋገጫ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዶስቦክስ ደግሞ ዶስ በተባለው ሥርዓት ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞችን በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ያስነሣል። ለኢትዮጵያ ጉዳይ ይህ የመጨረሻው ልዩ ትርጉም አለው። የመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች በዶስና በቀደምት ዊንዶውስ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ የዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችን አያስነሣም። አምሳያ ከሌለ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

የአምሳያ ልክ

ይህ ሁሉ ሲባል ለአምሳያ ያለ ልክ መስገድ አይገባም። በበለጸጉት አገሮች ከአሮጌ ኮምፒዩተሮች ጋር የተያያዘው ስሜት በአብዛኛው የልጅነት ናፍቆት ነው፤ ብዙ ድካም የሚፈስሰውም በጨዋታዎች ላይ ነው። ናፍቆት ለራሱ ነውር ባይሆንም የምርጫ ሚዛን ሲሆን ግን ያሳስታል። የሚወደደው ይጠበቃል፤ የሚጠቅመው ይረሳል። የደብረ ማርቆስ ጸሐፊ በዕለት እንጀራ ምክንያት ያወቀችው ፕሮግራም የማንም ናፍቆት አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ሊያድነው አልተነሣም። የኢትዮጵያ ባለሙያ ከውጭው ልምድ ዘዴውን ሊወስድ ይገባዋል፤ ምርጫውን ግን ከኅብረተሰቡ ፍላጎት ተነሥቶ ራሱ መወሰን አለበት።

አምሳያው የማይመልሰው ነገርም አለ። የድሮው መስኮት ብርሃን፣ የቁልፉ ክብደት፣ ነጥብ እየመታ የሚጽፈው ማተሚያ ጩኸት በአምሳያ አይገኙም። ከዚህ ሁሉ በላይ ጸሐፊዎቹ የነበራቸው ዕውቀት አይገኝም፤ አንዲት እምቢ ያለች ፊደል በምን ዘዴ እንደምትገኝ፣ ሁለቱ የፊደል ስብስቦች መቼ እንደሚለዋወጡ የሚያውቀው የሰው ጣት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ከቴፕ ክር ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ እየተሸጋገረ ዛሬም ይደመጣል፤ ክሩ ቢያረጅም ድምፁ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና። ፕሮግራም ግን በተጠቃሚው እጅ ካልተነካ ሥራው ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ አምሳያውን ከአፍ ታሪክ ጋር ማጣመር ግድ ይላል፤ ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያና በፕሮግራሙ የጻፈችው ጸሐፊ በሕይወት እያሉ መጠየቅ አለባቸው።

የመብት ጥያቄም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ማንኛውም የአእምሮ ሥራ የተጠበቀ ነው፤ የጥበቃው ዘመንም የሠሪው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። ሕጉ ለሠሪው ጥቅም የቆመ በመሆኑ ሊከበር ይገባል። ይሁን እንጂ ዲስኩ ይህን ያህል ዘመን አይጠብቅም። ጊዜው ደርሶ ሣጥኑ ሲከፈት ከውስጡ የሚገኘው ዝገት ብቻ ከሆነ ሕጉ ለማን ጠበቀ? ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው ከሠሪዎቹ ጋር በግልጽ መነጋገርና ለጥናትና ለጥበቃ ብቻ የሚውል ፈቃድ መጠየቅ ነው። የድካማቸው ፍሬ ከነስማቸው ለትውልድ እንዲተላለፍ የማይወድ ባለሙያ ጥቂት ነው።

ሊደረግ የሚገባው

ሥራው ከፍተኛ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ፣ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የተጣሉትን ዲስኮችና አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሳይነኩ፣ ሳይጠርጉ፣ ሳይከፍቱ መሰብሰብ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ዲስክ ሙሉ ግልባጭ፣ ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን እንዳለ፣ መውሰድና ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ማስቀመጥ። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሞቹን ከነፊደል ቅርጾቻቸውና ከነመመሪያ መጽሐፎቻቸው በአምሳያ ውስጥ አስነሥቶ መፈተሽ። አራተኛ፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥና ከዋናው ጋር እያመሳከሩ ማረም። መለወጥና መምሰል ተቀናቃኞች አይደሉም፤ አንዱ ጽሑፉን ለአንባቢ ያደርሳል፤ ሌላው የአንዱን ትክክለኛነት ይመሰክራል። የግለሰብ ምሥጢር የያዘ ማመልከቻና የፍርድ ጉዳይ ሲገኝ ግን ለባለቤቱ መመለስ ወይም መዘጋት አለበት።

ይህን ሥራ ለማስተባበር ከደብረ ማርቆስ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም ያለው ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ይገኛል፤ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም ከአማርኛ ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ ይማራሉ። ዲማና ዋሸራ፣ ብራናውና ቅኔ ቤቱ በአካባቢው ናቸው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደየሠፈራቸው ልከው አሮጌ ዲስክ ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ ሠዓሊያን የነጥብ ፊደሎቹን ቅርጽ ሊያጠኑ ይችላሉ፤ የባህል ሠራተኞች ከወመዘክር ጋር ተባብረው ለተሰበሰበው ሥራ ቋሚ ማረፊያ ሊያስገኙ ይችላሉ።

የዲማ ቁም ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን ጽፎ አንባቢው እንዲያስበው ይለምናል። በ8 ነጥብ ወርድ ውስጥ ‹ጬ›ን ያሳረፈው ባለሙያ፣ የደራሲውን ግጥም ሌሊት የተየበችው ጸሐፊ እንዲህ ያለ የመጨረሻ ገጽ የላቸውም። ገጻቸው በየመሳቢያው ያለው ዲስክ ነው፤ ለመነበብም የሚጠብቀው ሰው እንዲደርስለት ብቻ ነው።